ግልባጭ ለወይዘሮ ሁዳ

ስህተቱን ያየሁት ቀሪውን ኮፒ ወደ ፋይል ሳስገባ ነው። ደብዳቤው ራሱ ከሄደ ሁለት ሰዓት አልፎታል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ ቀኑ ትክክል ነው፤ ማኅተሙ የጋሼ ሱሌማንን ፊርማ በደንብ ነክቷል። ከታች ግን፣ ብዙ ሰው በማያነበው ቦታ፣ እንዲህ ይላል፦

ግልባጭ፦
ለጽሕፈት ቤቱ
ለወይዘሮ ሁዳ
ቀይ አፋፍ

ደብዳቤው የተጻፈው ለቀይ አፋፍ ቀበሌ ሥራ አስኪያጅ ለአቶ ታደለ ነው። ባለጉዳዮችን የጤፍ ማሳውን ያሳርማል ተብሎ ስለተጠቆመበት ሰኞ ቀርቦ መልስ እንዲሰጥ ይጠራዋል። የጠቆመችው ወይዘሮ ሁዳ ናት። ስሟን ከእኛ ከሦስታችን በቀር ማንም አያውቀውም ብለን ፈርመንላታል። አሁን አራተኛ ሰው ሊያውቀው ነው፤ እሱም ራሱ ታደለ ነው።

እንዴት እንደሆነ አውቃለሁ። በኮምፒውተሩ ላይ ሁለት ዓይነት ደብዳቤ ተቀምጧል። አንዱ የአቤቱታ ነው፤ ጉዳዩ የት እንደደረሰ ማወቅ መብቱ ስለሆነ አቤት ባዩ ከታች በግልባጭ ይገባል። ሌላው የጥቆማ ነው፤ ከታች ማንም አይገባም። እኔ የአቤቱታውን ከፍቼ በላዩ ላይ ጻፍኩ። የግልባጩ ቦታ ባዶ ሆኖ ሲያፈጥብኝ ሞላሁት። በአሥራ አንድ ዓመት አገልግሎቴ ባዶ ቦታ ትቼ አላውቅም።

የሥነ ምግባር ክትትል ቦርዳችን መካነ ሰላም ከተማ ከገበያው ጀርባ ሁለት ክፍል አለው። ሥራችን ሰው እንደሚያስበው አይደለም። የጥቆማ ሣጥኑን በየአሥራ አምስት ቀኑ ሦስት ሰው ባለበት እንከፍታለን፤ ውስጡ አብዛኛውን ጊዜ የከረሜላ ልጣጭ ይገኛል፤ ለእሱም ቃለ ጉባኤ ይያዛል። ሀብት እንመዘግባለን። ባለፈው ወር አንድ ባለሙያ በቅሎውን በተሽከርካሪ ሥር አስመዝግቦ ግማሽ ቀን አከራከረን፤ ታርጋ የላትም ተብሎ ወደ እንስሳት ተመልሳለች። የስጦታ መዝገብም አለን፤ የእኛ ሰው ከባለጉዳይም ሆነ ከባለሥልጣን የተቀበለው፣ ለእነሱም የሰጠው ነገር ሁሉ ይጻፍበታል። የመጨረሻው ምዝገባ የጳጉሜን ነው፤ እናኑ ከአንድ ባለጉዳይ አንድ እፍኝ የባቄላ እሸት ተቀብላለች። «ግማሹ ተበልቷል፤ ግማሹ ተመልሷል» ይላል።

ሁዳ የመጣችው ሰኞ ነበር። ልጇ ፈርሂያ ሪያድ ከአሠሪዋ ቤት ወጥታ መጠለያ ውስጥ ናት። ፓስፖርቷ አሠሪዋ ዘንድ ቀርቷል። አገሯ እንድትገባ የቀይ አፋፍ ልጅ መሆኗን ቀበሌው ጽፎ ማኅተም ሊያደርግበት ይገባል። ወረቀቱን አዲስ አበባ የሚያደርስላት ዘመድ ደግሞ አርብ ጠዋት ይነሳል። ታደለ አልከለከላትም። «እሺ እናቴ፣ እስኪ ይቺን ጥግ ጨርሱልኝ» ይላታል። ወደኛ ስትመጣ አራት ቀን አርማለች። ቦርዱም መጥሪያ ሲደርሰው አፍሮ ለሁሉም ይፈርማል ብሎ ደብዳቤው ቶሎ እንዲሄድ ወሰነ።

ዛሬ ሐሙስ ነው።

ታደለ ስሟን ያያል። አይቆጣም፤ ቁጡ ሰው አይደለም ይላሉ። «የማኅተሙ ቀለም ደርቋል፣ ሰኞ ነይ» ይላታል። አርብ ያልፋል። ዘመዱ ይሄዳል። መጠለያው ሰው ይበዛበታል፣ ወረቀት የሌለውን ወደ ሌላ ቦታ ያዛውራሉ፣ እዚያ ስልክ አይፈቀድም። እስከዚህ ድረስ ያሰብኩት ከወንበሬ ሳልነሳ ነው። የእኔ ልጅ አፍናን ጅዳ ናት። የምትደውለው ሐሙስ ሐሙስ ነው፤ ዛሬ እስካሁን አልደወለችም።

ቀሪውን ይዤ ወደ ጋሼ ሱሌማን ገባሁ። ሰብሳቢያችን ናቸው፤ ጡረታ የወጡ የሂሳብ መምህር። አነበቡት። መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉና ደግመው አነበቡት።

«ጽሑፉስ ደህና ነው» አሉ።

«ጋሼ፣ ሴትዮዋን እኮ ገደልኳት!»

«አልገደልሻትም። በግልባጭ አሳወቅሻት።»

እናኑ ከጠረጴዛዋ ቀና አለች። ሦስተኛዋ እሷ ናት፤ የሴቶች ተወካይ። «ማን ወሰደው?» አለች።

«ሙሐሲን፣ በሚኒባሱ።»

«ሙሐሲንማ ሰው እጁን ባነሳበት ሁሉ ይቆማል። አልሐምዱሊላህ በይ፤ ገና አልደረሰም።» እናኑ ክርስቲያን ናት፤ አልሐምዱሊላህ ግን ከኔ ይልቅ ለእሷ ይቀናታል።

ደወልኩ። ሙሐሲን ወዲያው አነሳ።

«አድርሻለሁ እቴ ሀዲያ» አለኝ። «ቢሮው ዝግ ነው፤ በበሩ ሥር ወደ ውስጥ ገፋሁት። ጫፉ እንኳ አይታይም።» ኩራት ተሰምቶታል።

ጋሼ ሱሌማን ጣሪያውን አዩ። «ስብሰባ ልጥራ ወይስ ትሄጃለሽ?»

«ስብሰባው እስኪያልቅ...»

«እሱስ ልክ ነሽ። ሂጂ። ግን የታረመውን ጻፊና ልፈርምበት። ምትክ ሳትሰጪ ያንን ካነሳሽ የሥነ ምግባር ቦርድ ደብዳቤ ሰረቀ ይባላል።»

የታረመውን ጻፍኩና አስፈረምኩ። ከታች ማንም የለበትም። ቦርሳዬ ውስጥ ከማይለየው ነገር አጠገብ አስገባሁት፤ ሻማ፣ የራስ ምታት ክኒን፣ ትርፍ ካልሲ፣ የአፍናን ፎቶ። ከቤት ስወጣ ሁልጊዜ የማልመለስ መስሎኝ ነው የምይዘው። ጃንጥላዬን አነሳሁ፤ የክፍሌን በር ቆለፍኩ፤ ከገበያው ጫፍ ተመልሼ መቆለፉን አየሁና ሄድኩ።

ቀይ አፋፍ ስደርስ ስምንት ሰዓት ሆኗል። ቢሮው አንድ ክፍል ቤት ነው፤ ቆርቆሮ ክዳን፣ አረንጓዴ በር፣ ትልቅ ጓጉንቸር። በረንዳው ላይ ለባለጉዳይ አግዳሚ ወንበር ተቀምጧል። ማንም የለበትም። አካባቢውን ዞር ብዬ አየሁና በጉልበቴ ተንበረከክሁ፤ በጉልበት አልሆን ሲለኝ በሆዴ ተኛሁ። ፖስታው ይታየኛል። ከበሩ አንድ ክንድ ያህል ገብቷል። ሙሐሲን ሲገፋ ከልቡ ነው የገፋው። የጃንጥላዬን እጀታ በበሩ ሥር ሰድጄ ልስበው ሞከርኩ፤ ነካሁት፤ ይባስ ገባ፤ እጀታውም ከውስጥ ተቀረቀረ።

«ምን ጠፋብዎ?»

ታደለ ነው። ሱሪውን እስከ ጉልበቱ ሰብስቦ፣ ሁለት እጁ እስከ ክርኑ ጭቃ ሆኖ ቆሟል። ባለፈው ዓመት ሀብቱን የመዘገብኩት እኔ ስለሆንኩ አወቀኝ። «እንዴ፣ እቴ ሀዲያ! በሰላም ነው?»

«ጃንጥላዬ በበሩ ሥር ገብቶብኝ ነው» አልኩ።

«እንዴት ገባ?»

«ተንሸራቶ።»

ጃንጥላውን አየ፤ በሩን አየ፤ እኔን አየ። «አይ ጃንጥላ» አለ በሐዘኔታ። «ቁልፉ ኪሴ ነው፤ እጄ ደግሞ ጭቃ ነው። እስኪ ያቺን ጥግ እንጨርስና እከፍትልዎታለሁ።»

«ምን ያህል ይፈጃል?»

«እንደ ሰዉ ነው። ሰው ከጨመረ ይፈጥናል።»

እጆቼን አየ። እኔም አየኋቸው።

በቃ ይኸው ነው። ለማጣራት የመጣ ሰው ቢሆን የሚያየው ይህንኑ ነው። አልጮኸም፣ አላዘዘም፣ ምንም አልጠየቀኝም። ከመንገዱ ማዶ ሰባት ሰዎች ጎንበስ ብለው ያርማሉ። ያመጣኝ መኪና እስኪመለስ ገና ሦስት ሰዓት አለ። በሩ ሲከፈት ደግሞ ከሌላ ሰው ቀድሜ መግባት አለብኝ። እግሬ ከማሳው ገባ።

ሁዳ መሀል ላይ ነበረች። አየችኝና አንገቷን ደፋች። ቀስ ብላ ወደኔ ጥግ ተጠጋች።

«እናንተም ታርማላችሁ እንዴ?» አለች በሹክሹክታ።

«ለማጣራት ነው።»

«እንግዲያ በርቺ። አሁን የነቀልሽው ጤፍ ነው።»

ከፊት ያሉ አንድ ሽማግሌ ሰሙ። «ታደለ!» ብለው ተጣሩ። «ይቺ የከተማዋ ሙጃውን ትታ ጤፉን ትነቅልልሃለች! ይቺን እንኳ በነጻ ፈርምላት፤ ትከስራለህ!»

ሁሉም ሳቁ። ታደለም ሳቀ። ችግሩ ይኸው ነው፤ ከሁላችን ይልቅ ፈጥኖ የሚያርመው እሱ ነበር። በኪሱ የያዘውን ቆሎ ዞሮ ለሁላችን አከፋፈለ። ለኔም በእፍኜ ሰፈረልኝ፤ ምን ያህል እንደሆነ በልቤ ያዝኩ።

«በረንዳ ላይ ተደርድሮ ከማፋሸግ አይሻልም?» አለኝ። «እንደ ደቦ ቁጠሩት።»

«የእነሱስ ማሳ መቼ ይታረማል?»

«ተራቸው ሲደርስ።»

«ደርሶ ያውቃል?»

ቀና ብሎ አሰበ። ከልቡ ነው ያሰበው። «ገና አልደረሰም» አለ።

ሁዳ እጇን ሳታቆም ጠየቀችኝ። «ደብዳቤያችሁ ደረሰ?»

«ደርሷል።»

«አየው?»

«ገና ነው።»

«መቼም ስሜን አላነሳችሁም።»

አንድ ነገር ነቀልኩ። ጤፍ ይሁን ሙጃ አላየሁም። «ዛሬ ወረቀትሽን ይሰጥሻል?» አልኳት።

«ይቺ ጥግ የመጨረሻዋ ናት ብሏል።» ወገቧን ይዛ ቀና አለች። «ትናንትናም የመጨረሻዋ ነበረች። ፈርሂያ ሌሊት ደውላ 'እማዬ ተፈረመ?' አለችኝ። 'ተፈርሟል' አልኳት። ምን ልበላት?»

ከጉድባው ጀምሬ እስከ ግራሩ ድረስ አረምኩ። ወደ አሥር ሰዓት ግድም ታደለ ቆመና ማሳውን ቃኘው። «በቃ፣ አላህ ይስጥልኝ» አለ፤ እሱም ክርስቲያን ነው። ሁላችንም በቦዩ ውኃ ተለቃለቅን። እሱ እጁን በሱሪው አደረቀና ቁልፉን አወጣ።

ከበሩ አጠገብ ተለጥፌ ቆምኩ። ጓጉንቸሩ ሲከፈት «ጃንጥላዬን!» ብዬ ከሁሉም ቀድሜ ገባሁ። ፖስታው ወለሉ ላይ ነጭ ሆኖ ተኝቷል። ረገጥኩት።

እግሬ ትንሽ ነው። ፖስታው ከግራም ከቀኝም ይታይ ነበር። ቀሚሴን ለቀቅ ሳደርገው ሸፈነው። ጃንጥላዬን አንስቼ እንደ ምርኩዝ ተደገፍኩት።

«ይቀመጡ እንጂ» አለኝ ታደለ ወንበሩን እየሳበ።

«መቆም ይሻለኛል።»

«ጃንጥላዎን አግኝተዋል አይደል?»

«አግኝቻለሁ።»

«እንግዲያው መኪና እንዳያመልጥዎ።»

«ትንሽ ልረፍ።»

«ቆመው?»

«ቆሜ።»

ትከሻውን ነቀነቀና ሥራውን ጀመረ። ሽማግሌው በመታወቂያ መጡ፤ አንዲት ሴት በልደት መጣች። እያንዳንዱን ወረቀት ድምፅ አውጥቶ ያነባል። ይፈርማል። ማኅተሙን ከመሳቢያ አውጥቶ ይመታና መልሶ መሳቢያ ውስጥ ይቆልፋል፤ ለሚቀጥለው ሰው እንደገና ይከፍታል። ከመመሪያው አንድ ነገር አላጎደለም። እግሬ ደነዘዘ። ሁዳ አምስተኛ ናት።

የእሷን አነበበ። «ፈርሂያ... የቀበሌያችን ተወላጅ መሆኗን...» ፈረመ። መሳቢያውን ከፈተ። ማኅተሙን መታ። አየው። ወረቀቱ ላይ ምንም የለም።

«ቀለሙ ደርቋል» አለ።

ጠዋት ወንበሬ ላይ ሆኜ ያሰብኩት ቃል በቃል ይኸው ነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፤ ነገር ግን ከመናገሬ በፊት ማኅተሙን ወደ አፉ አስጠጋና እፍ አለበት። ደግሞ እፍ አለበት። በሁለት እጁ ተጭኖ መታው። ፈዘዝ ብሎ ወጣ፤ መካከሉ ይነበባል። ሁዳ በሁለት እጇ ተቀበለች፤ ጉልበቱን ሳመችው፤ ወጣች።

የቀሩትም ጨርሰው ሲወጡ ጎንበስ ብዬ የረገጥኩትን አነሳሁና ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። ንጹሑን አወጣሁና ከማስረከቢያ ደብተሩ ጋር ሰጠሁት።

«አቶ ታደለ፣ ይህ ለእርስዎ ነው።»

«ያ ከወለሉ ያነሱትስ?»

«እሱ የተሳሳተው ነው። በእሱ ምትክ ነው ይኼ።»

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ጀመረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ድምፁን ተወው። ጨርሶ ደብተሩ ላይ ፈረመ። ከዚያ እጆቼን አያቸው፤ ጥፍሮቼ ውስጥ ያለውን ጥቁር አፈር።

«ማን ነው የጠቆመብኝ?»

«መናገር ሕጉ አይፈቅድልኝም።» የአንቀጹን ቁጥር ልነግረው ብዬ ነበር፤ ጠፋኝ።

«ደህና። ሰኞ እመጣለሁ። ምስክር ቁጠር ካላችሁኝ ግን እርስዎን ነው የምቆጥረው። ዛሬ ግድ ያልዎት ሰው አለ?»

«የለም።»

«አዩ?»

«ቁልፉ ግን ኪስዎ ነበር» አልኩት።

እጁ ላይ ያለውን ቁልፍ አየው፤ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው፤ ቆይቶ መልሶ አነሳው።

ሚኒባሱ ውስጥ ከሁዳ ጎን ተቀመጥኩ። ወረቀቱን ለዘመዷ ልታደርስ መካነ ሰላም እየገባች ነው። አንድ ዳገት ወጥተን ሌላ ዳገት ጀመርን። ሙሐሲን በመስታወቱ እያየ «እቴ፣ ደብዳቤው ደህና ገብቶ አገኘሽው አይደል?» ይለኛል። «ደህና ገብቶ ነበር» አልኩት።

«ሁዳ» አልኳት በኋላ፤ «አፉ በይኝ፤ በድዬሻለሁ።»

«ምን አድርገሽኝ?»

ጭቃ የነካውን ፖስታ አውጥቼ ከፈትኩና ከደብዳቤው ግርጌ ያለውን በጆሮዋ አነበብኩላት። እንዴት እንደተጻፈ፣ ለማን እንደተላከ፣ የት ወድቆ እንደነበር ነገርኳት። ወረቀቷን ከደረቷ አውጥታ ማኅተሙን አየችና መልሳ አስገባችው።

«ሲፈርምልኝ የረገጥሽው ይኼን ነው?»

«ይኼን ነው።»

«እኔ እኮ ስታርሚ ውለሽ እግርሽን ያመመሽ መስሎኝ ዱዓ ሳደርግልሽ ነበር።»

«ዱዓሽ ሠርቷል።»

ትንሽ ሳቀችና ተወችው። ፊቷ መልሶ ጠቆረ። «ልጄ ብትቀርብኝ አንቺን አላህ ፊት ነበር የምከስሽ» አለች። «ቦርድ ፊት አይደለም።» ሻሿን አስተካከለች። «አፉ ብያለሁ። ሁለተኛ ግን ለእኔ ግልባጭ አትላኪ። ማንበብም አልችል።»

መናኸሪያው ላይ ዘመዷ ቆሞ ይጠብቃት ነበር። ወረቀቱን ሲቀበላት፣ አጥፎ በኪሱ ሲከተው አየሁ። ኪሱ ቁልፍ ያለው መሆኑንም አየሁ።

ቢሮው ስደርስ የመግሪብ አዛን ተቃርቧል። ጋሼ ሱሌማን ብቻቸውን ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ከነፖስታው ፊታቸው ዘረጋሁ። የጫማዬ ጭቃ ፖስታውን አልፎ ደብዳቤው ላይ ልክ ግልባጭ ከሚለው ላይ አርፏል።

«አላየውም?»

«አላየውም።»

«የሴትዮዋስ ወረቀት?»

«ተፈርሞ ማኅተም አለው። ሄዷል።»

«እንግዲያው ጨርሰናል።»

«አልጨረስንም ጋሼ። አርሜያለሁ።»

«ደብዳቤውን?»

«ጤፉን። በሩን እንዲከፍትልኝ።»

መነጽራቸውን አደረጉ። «ምን ያህል?»

«ከጉድባው እስከ ግራሩ። ቆሎም ሰጥቶኛል፤ አንድ እፍኝ።»

«በልተሽዋል?»

«ርቦኝ ነበር።»

ተነሥተው የስጦታ መዝገቡን አመጡና ወደኔ ገፉት። ማንም አላየኝም ማለት አልችልም፤ ሰባት ባለጉዳይና አንድ ተጠሪ አይተውኛል።

«ከጻፍኩት ሰኞ እኔም...»

«ሰኞ ከወዲያኛው ወንበር ከታደለ ጎን ትቀመጫለሽ። ቃለ ጉባኤውን እናኑ ትይዘዋለች።»

«የእናኑ ጽሑፍ እኮ አይነበብም።»

«ለአንቺ እሱ ይሻልሻል» አሉና ለሶላት ወጡ።

ከእናኑ የባቄላ እሸት ሥር ጻፍኩ። የሰጪ ስም፦ ሀዲያ፣ የቦርዱ ጸሐፊ። የተቀባይ ስም፦ አቶ ታደለ። የስጦታው ዓይነት፦ አረም። መጠን፦ ከጉድባው እስከ ግራሩ፤ ከዚህ ውስጥ ጥቂቱ ጤፍ ነው። የተሰጠበት ምክንያት፦ በር እንዲከፈት። የቆሎውን በሚቀጥለው መስመር አስገባሁ። «ተመልሷል» ከሚለው ሥር ሰረዝ አደረግሁ። «አስተያየት» የሚለው ብቻ ቀረ። እስክሪብቶዬን አስጠግቼ ቆየሁና ባዶውን ተውኩት።

በሩን ቆልፌ ገበያው ጫፍ ስደርስ መዝገቡን ጠረጴዛው ላይ ክፍቱን እንደተውኩት ትዝ አለኝ። ተመለስኩ፤ ካቢኔ ውስጥ አስገባሁት፤ የሁዳን ፖስታና ቀሪውን በአንድ ላይ አሽጌ ከሥሩ አስቀመጥኩ። ቆለፍኩ። መንገዱን ሳልሻገር ደግሞ ኮምፒውተሩ ውስጥ ያለው የጥቆማ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። ከፈትኩ። መብራት አበራሁ። የጥቆማውንና የአቤቱታውን በተለያየ ቦታ አስቀመጥኩ፤ በጥቆማው አናት ላይ «ከታች ማንንም አትጻፊ» ብዬ በትልቁ ጻፍኩበት። ይህን ስጨርስ ስልኬ ጮኸ።

«እማዬ፣ ደከመሽ እንዴ? ድምፅሽ...»

«ቆይ አፍናን፣ አንዴ በሩን ልቆልፍ» አልኳት።

ስልኩን በትከሻዬ ይዤ ወጣሁ፤ ቁልፉን ሁለቴ አዞርኩት፤ ጓጉንቸሩን ሦስቴ ሳብኩት። ያዘ።